ከወተቱ በፊት መርዙ ከምንጩ ይያዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ወር የተጫረ የመኪና በር ለማስቀባት በከተማችን በአዳማ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ቀለም የሚነፋው ወጣት ከአሮጌ ኮንቴይነር በተሠራች፣ በር እንጂ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ አፍና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ ይሠራ ነበር። ጨርሶ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቅንድቡም ላይ ነጭ ቀለም ተነስንሶ አየሁ። የጋራዡ ባለቤት ወዲያውኑ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንድ የላስቲክ ወተት አስመጥቶ ሰጠውና ወደ እኔ ዞሮ፣ «በየቀኑ አጠጣዋለሁ፤ ደረቱን ያጥብለታል» አለኝ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጁ ከልቡ ያስባል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው፤ በደግነት የሚያደርገው ነገር ልጁን ከምንም እንደማያድነው ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለ27 ዓመታት በአዳማና በአካባቢዋ በሚገኙ ፋብሪካዎች፣ በመጀመሪያ በቆዳ፣ ቀጥሎ በጨርቃ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በብረታ ብረት ሥራ፣ አብዛኛውንም ጊዜ በሥራ ላይ ደኅንነት ክፍል አገልግያለሁ። በሦስቱም ቦታ ወተት ነበረ። በአንዱ በየፈረቃው ይታደላል፤ በሌላው በገንዘብ ተተምኖ ከደመወዝ ጋር ይከፈላል፤ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይም ከትራንስፖርትና ከሥራ ልብስ ቀጥሎ ሳይነሳ የሚቀር ርዕስ አልነበረም። እኔም በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ተቀምጬ የወተት አበል እንዲጨመር አጥብቄ የተከራከርኩባቸው ዓመታት አሉ፤ በእነዚያ ዓመታት አንድ ጊዜም እንኳ አቧራውን ከማሽኑ ላይ የሚመጥ መሣሪያ ይገጠም ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ለደከመ ሠራተኛ መስጠቱንም አልቃወምም። ነገር ግን የሚጠጣው ወደ ጨጓራ ይወርዳል፣ የሚተነፈሰው ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ። ያ ወጣት ከቀለሙ ጋር የሚቀላቅለው ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) በአብዛኛው አይሶሳይኔት የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በብዙ አገሮች የመኪና ቀለም ነፊዎችን ለአስም በሽታ በመዳረግ በግንባር ቀደምነት የሚታወቅ ሲሆን፣ ክፋቱ ደግሞ አንድ ጊዜ የሰውነትን መከላከያ ካስቆጣ በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥር መሆኑ ነው። ሽታው በአፍንጫ ከመታወቁ በፊት መጠኑ ከሚፈቀደው ልክ አልፎ ሊገኝ ይችላል፤ መንፋቱ ካበቃ በኋላም ለዓይን የማይታየው ጉም በተዘጋች ክፍል ውስጥ ለብዙ ደቂቃዎች ይቆያል። ሻሹን ፈትቶ የሥራውን ማማር ለማየት ወደ ውስጥ የሚመለሰው ልጅ የሚተነፍሰው እሱን ነው።

እኛ በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች ቀስ ብሎ የሚገባ መርዝ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ልንረዳ ይገባን ነበር። በወንጂና በአካባቢው ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውኃ በፍሎራይድ የበለጸገ በመሆኑ የስንቱ ሰው ጥርስ እንደበለዘ፣ ለረጅም ዓመታት የጠጡትም አጥንታቸው ደርቆ ወገባቸው አልታጠፍ እንዳላቸው እናውቃለን። ውኃው ጠርቶ ይታይ ነበር፤ አይሸትም፣ አይመርም፤ በጠጡት ዕለትም ማንንም አላሳመመም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ጉዳቱ በዓመታት ክምችት የሚመጣ ስለሆነ ነው። ለዚያ በሽታ መድኃኒት የሆነው ሌላ ንጹሕ የውኃ ምንጭ መፈለግና ፍሎራይዱን ከውኃው መለየት ነበር። በሥራ ቦታም የሚያስፈልገው አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ ነገሩ ወደ ሰውየው ከመድረሱ በፊት መያዝ አለበት።

በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ስሕተት ደግሞ አደጋውን በየዘርፉ ከፋፍለን ማየታችን ነው። የቆዳ ፋብሪካ ችግር የቆዳ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻ ችግር የአበባ እርሻ፣ የጋራዥ ችግር የጋራዥ ተደርጎ ይወሰዳል። መርዙ ግን ዘርፍ አይለይም። እምነ በረድና ግራናይት በግራይንደር የሚቆርጠው፣ በድንጋይ መፍጫ የሚሠራው፣ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚያፈሰውና የዛገ ብረት በአሸዋ የሚያጸዳው ሠራተኛ አራቱም የሚተነፍሱት አንድ ነገር፣ በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ሲሊካ፣ ነው። ባትሪ ቤት ውስጥ አሮጌ ባትሪ የሚፈታው፣ ራዲያተር የሚበይደውና አሮጌ ቀለም የሚፍቀው ሦስቱም እርሳስ በሚባለው መርዛማ ብረት ይገናኛሉ። የጫማ ማስቲሽ የሚቀባውና በጋራዥ ውስጥ እጁን በቤንዚን የሚታጠበው ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ ተናኝ ፈሳሾችን ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ፤ በመኪናው ነዳጅ በቤንዚን ውስጥ ያለው፣ በእንግሊዝኛ benzene የተባለው የኬሚካል ንጥረ ነገር የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠ ቆይቷል፣ በአንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ የሚገኘው ሄክሴን ደግሞ የእጅና የእግር ነርቮችን ያደነዝዛል። ሆኖም አንዱ ዘርፍ በብዙ ሥቃይ የተማረውን ሌላው ዘርፍ ሳይሰማው ይቀራል፤ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለው መንገድ የአንድ ሰዓት ጉዞ እንኳ ሳይሆን።

ይህን የምለው በገዛ ዓይኔ ስላየሁት ነው። በቆዳ ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ የፍሳሽ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ለማጽዳት የገባ አንድ ሠራተኛ መሰላሉ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ወደቀ። ሊያወጣው የወረደው ባልደረባውም ተከተለው። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ከበላዩ የነበረው ካቦ ወገቡን ይዞ ባያስቀረው ኖሮ ሦስት ይሆኑ ነበር። ከቆዳው ላይ ጸጉር ለማላቀቅ የሚውለው ሰልፋይድ አሲድ ካለበት ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ከአየር የሚከብድ በመሆኑም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በትንሹ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ወደ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ኃይልን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ይገባል። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ሰው ሞተ፤ ሁለተኛው ተረፈ፣ ነገር ግን ወደ ሥራው አልተመለሰም። ለቀብሩ የተሰበሰበውን መዋጮ እኔ ነበርኩ ለቤተሰቡ የወሰድኩት።

ከዓመታት በኋላ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ የሚያጸዱ የቀን ሠራተኞች በተመሳሳይ መንገድ መሞታቸውን በሰማሁ ቁጥር ያ መሰላል ይታየኛል። በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ከአደጋው በኋላ የተማርነው ነገር፣ ማለትም ማንም ሰው አየሩ ሳይለካና በንፋስ መስጫ ሳይታጠብ ወደ ጉድጓድ እንዳይገባ፣ ሲገባም ወገቡ በገመድ ታስሮ ውጭ የሚጠብቀው ሰው እንዲኖር፣ ሊያድን የሚፈልግም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ፈጽሞ እንዳይወርድ የሚለው፣ ለዚያ የቀን ሠራተኛም በቃል ቢነገረው ሕይወቱን ያተርፍ ነበር። ጋዙ አንድ ነው፤ ዕውቀቱ ግን በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ሲሊካ ደግሞ የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.አ.አ. በ2016 ያወጣው ደንብ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.05 ሚሊግራም የበለጠ የሲሊካ ብናኝ እንዳይኖር ያዛል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ለሠልጣኞቼ የምነግራቸው እንዲህ እያልኩ ነበር። አንድ ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ወደ አሥር ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በቀኑ ውስጥ የሚፈቀድለት የሲሊካ ብናኝ በአጠቃላይ ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ ይህም በወንጂ ስኳር ከረጢት ውስጥ ካለች አንዲት ቅንጣት ክብደት ጋር ይቀራረባል። በደረቅ ዲስክ ድንጋይ ሲቆርጥ ፊቱ የማይታየው ሰው ስንት ቅንጣት እንደሚውጥ ከዚህ ማስላት ይቻላል። ሳንባ ውስጥ የገባው ብናኝ ተመልሶ አይወጣም፤ በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈውስ የለውም፣ ለሳንባ ነቀርሳ በሽታም በር ይከፍታል። ለዚህ ነው ቱርክ እ.አ.አ. በ2009 ጂንስ በአሸዋ እየነፉ ማስረጀትን የከለከለችው፣ አውስትራሊያም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሲሊካ የበዛበትን ሰው ሠራሽ የጠረጴዛ ድንጋይ ያገደችው። በሁለቱም አገሮች ከመከልከሉ በፊት ወጣቶች አልቀዋል።

እዚህ ላይ ለሐኪሞቻችን አንድ ነገር ልበል። በጤና ጣቢያዎቻችን ለወራት የሚያስል ሰው ሲመጣ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የድንጋይ ቆራጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ይህ ጥያቄ ለማንኛውም ሕመምተኛ መቅረብ እንዳለበት ለሙያ ባልደረቦቹ ያስተማረው ከ300 ዓመታት በፊት ነው። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያም አይፈልግም። ጥጥ ፈታዮች ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ጠዋት ደረታቸው ተጨንቆ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቀለል ሲላቸው ይህ የጥጥ ብናኝ በሽታ መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው የሥራውን ቀን ከሕመሙ ቀን ጋር ያስተያየ ሐኪም ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ የሚለውን የምመልሰው ከመከላከያ እርምጃዎች ቅደም ተከተል በመነሳት ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እኛ የምንጀምረው ከጓንትና ከማስክ ነው፤ እነሱ ግን የመጨረሻዎቹ መሆን ነበረባቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነገር ጭራሽ ሊቀር ይችላል ወይ የሚል ነው። አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ካንሰር የሚያመጣ ማዕድን ያለበት የፍሬን ሸራ ለምን ይገዛል? የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን እ.አ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክሏል፤ ከአሮጌ ሕንፃ ለሚያነሱት ሠራተኞች የሚፈቀደውንም መጠን በ2023 ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ አድርጓል። ሊቀር ካልቻለ ጉዳቱ ባነሰ ነገር ይተካል። ካልተተካ ከሰውየው ይለያል፤ ይከደናል፣ ይታሸጋል፣ ወይም ከሚወጣበት አፍ ላይ አየሩ በመምጠጫ ይሳባል፤ ድንጋይ ከሆነ በውኃ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሥራ ሰዓት ማሳጠሩ፣ ሥልጠናውና ምልክቱ የሚመጣው። ማስክ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረውን ለመያዝ የተሠራ ነው።

ማስክም ቢሆን እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያል። ለአቧራ የተሠራው የቲነርን ትነት አያቆምም፤ ለትነት የከሰል ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ ሳይላላ የሚገጥም፣ ማጣሪያውም በጊዜው የሚቀየር ያስፈልጋል። ሻሽና በኮሮና ጊዜ የለመድነው የአፍ መሸፈኛ ለሁለቱም አይሆንም። በአዳማ የመጋቢት ሙቀት ከባድ ማስክ ለስምንት ሰዓት የሚያደርግ ሰው ማግኘት እንደማይቻልም ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል፤ አውልቆ ሲገኝ የሚቀጣው ሠራተኛው መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።

አንዳንድ ባለሙያዎች መለኪያ መሣሪያ ሳይኖረን ምን ልናደርግ እንችላለን ይላሉ። መለካት ጥሩ ነው፤ ግን እስኪለካ መጠበቅ አያስፈልግም። የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ድርጅቶች ብሎ ያዘጋጀው፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ለታዳጊ አገሮች እንዲስማማ አድርጎ ያቀረበው ዘዴ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ነገሩ ምን ያህል አደገኛ ነው? በአንድ ጊዜ የምትጠቀሙት በግራም ነው፣ በኪሎ ወይስ በቶን? ወደ አየር የመነሳት ጠባዩስ፣ ዱቄት ሆኖ ይበናል ወይስ ፈሳሽ ሆኖ ይተናል? ከመልሱ ተነስቶ ለሥራው መስኮትና በር መክፈት ይበቃ እንደሆነ፣ መምጠጫ ይገጠምለት እንደሆነ፣ ሙሉ በሙሉ መታሸግ ያለበት እንደሆነ ወይም ባለሙያ ሳይጠራ መጀመር የሌለበት እንደሆነ ይታወቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ የጋራዥ ኃላፊ ይህን በግማሽ ቀን ሊማረው ይችላል።

ነገር ግን ዘዴው የሚሠራው ማሸጊያው የሚናገር ከሆነ ነው። ወደ ገበያችን የሚገቡት ኬሚካሎች ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ፣ በቻይንኛ ወይም በዓረብኛ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ ወደ ችርቻሮ ሲደርሱ ከበርሜሉ ወደ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ መገልበጣቸው ነው። የባትሪ አሲድ፣ ቲነርና የተባይ መድኃኒት በውኃ ጠርሙስ ሆነው ከወለሉ ላይ ተደርድረው ያየሁባቸውን ቤቶች መቁጠር አልችልም። የነቀዝ ክኒን የሚባለው፣ ለእህል መጋዘን የሚገዛው አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ ይሸጣል። ይህ ክኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ከእህሉ አጠገብ የሚተኙ ቤተሰቦችም ሌሊቱን ሊያልቁ ይችላሉ። በወረቀት የጠቀለለው ነጋዴ ይህን አልነገራቸውም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ የአደጋ ምልክቱን የያዘ ማሸጊያ የሌለው ኬሚካል በአዳማ ገበያ እንዳይሸጥ ማድረግ ከማንኛውም ሥልጠና ይቀድማል።

ሕጉስ? ሕጉ አለን። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.አ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ስለሥራው አደጋ እንዲያውቅ የማድረግ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ የማስመርመር፣ አደጋዎችንና በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ ጥሎበታል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣቶችም ለሕይወትና ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ እንዳይሰማሩ አዋጁ ይከለክላል፤ በየጋራዡ ፍሬን በኮምፕሬሰር አየር የሚነፉትን ተለማማጆች ዕድሜ ጠይቆ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ግን አላየሁም።

እኔ በነበርኩባቸው ፋብሪካዎች የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው መዝገብ ነበር፤ ስንት ጓንት ተገዛ፣ ስንት ቱታ ታደለ፣ የእሳት ማጥፊያው ቀኑ አልፏል ወይ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። አቧራው ከየት ይነሳል፣ ወዴትስ ይሄዳል ብሎ ማሽኑ አጠገብ የቆመ ግን አልነበረም። ተቆጣጣሪው በጠዋት ፀሐይ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙን ቢመለከት፣ ከመምጠጫው አፍ ላይ የክር ጭራ ቢይዝና መሳቡን ቢያይ ከመዝገቡ የሚበልጥ ነገር ያውቅ ነበር። ምርመራ ተደርጎላቸው ውጤታቸው በፋይል ተቆልፎ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ምን ያህል እንደሆነ ሳይነገራቸው ከሥራ የተሰናበቱ ሰዎችንም አውቃለሁ።

በዚህ ላይ ጊዜው ያሳስበኛል። አስቤስቶስ የሚያመጣው ካንሰር ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ተዘግቷል ወይም ባለቤቱ ተቀይሯል፤ መዝገቡም የለም፤ ሠራተኛው በሽታው ከሥራው መምጣቱን የሚያስረዳበት ምንም ማስረጃ የለውም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ የት፣ ለምን ዓይነት ነገር፣ ለምን ያህል ጊዜ ተጋልጦ እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ ከጡረታ መለያ ቁጥሩ ጋር ተያይዞ እሱን እየተከተለ መሄድ አለበት። የሠራተኛ ማኅበራትና ኮንፌዴሬሽኑ በየድርድሩ ከወተት አበሉ አስቀድመው ይህን ቢጠይቁ ለአባሎቻቸው የሚተርፍ ነገር ያገኛሉ።

ነገሩ በፋብሪካው በር ላይም አያበቃም። የባትሪ ቤት ሠራተኛ ቱታውን ለብሶ ወደ ቤቱ ሲገባ እርሳሱ አብሮት ይገባል፤ ልጁን ሲያቅፍ፣ ሚስቱ ልብሱን ስታራግፍና በእጇ ስታሽ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት አደጋ የሌለው የእርሳስ መጠን የሚባል ነገር አይታወቅም ይላል። ከአበባ እርሻ የተባይ መድኃኒት ይዛ የምትመለስ ሴትም እንዲሁ ናት። በሥራ ቦታ የመታጠቢያ ውኃ፣ የሥራና የቤት ልብስን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሣጥን፣ ቱታውንም እዚያው የሚያጥብ ሰው መኖሩ ለቅንጦት የሚታሰብ ነገር አይደለም።

የባለንብረቶችን ሐሳብም ሰምቻለሁ። «ይህን ሁሉ ላድርግ ካልኩ ሥራዬ ይዘጋል» ይሉኛል፤ በሁለት ግራይንደር አምስት ሰው ቀጥሮ ለሚያሳድር ሰው ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ብዙው ነገር ርካሽ ነው። ዲስኩ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀጭን ቱቦ የሚያስፈልገው አንድ ጄሪካንና ቧንቧ ነው፤ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ሲገጠም ግን ለውኃ ሥራ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፣ አለበለዚያ አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ይሆናል። ፍሬኑን በአየር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ወጪ የለውም። አዳማ ደግሞ ነፋስ አላት፤ ከከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት 136 ተርባይኖች 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው በዚሁ ነፋስ ነው። ደጅ የሚሠራ ሰው ነፋሱን በጎኑ አድርጎ ቢቆም ብናኙ ከአፍንጫው ይርቃል። በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ግን ያ ሁሉ ነፋስ ደጅ ይቀራል፤ «የአዳማ ነፋስ ይወስደዋል» የሚሉኝ ባለጋራዦች ይህን እንዲያስተውሉ እለምናለሁ።

ውድ የሆነውን ነገር በተመለከተ ከተማ አስተዳደሩ ሊያደርገው የሚችል አንድ ተጨባጭ ነገር አለ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሠሩት ሼዶች ዛሬ አራት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ሲሠሩ ከጅምሩ የአየር መምጠጫ ቱቦ መውጫ፣ የውኃ መስመር፣ የመታጠቢያ ክፍልና የአደገኛ ቆሻሻ ማቆያ ቢታሰብላቸው፣ በየክላስተሩም አሥር ጋራዦች በተራ የሚጠቀሙበት አንድ የተዘጋ፣ ማጣሪያና መምጠጫ ያለው የቀለም መንፊያ ክፍል ቢኖር፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት ሊከብድ የሚችለው ወጪ በኪራይ መልክ ይከፋፈላል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የመምጠጫውን ንድፍ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ሥራቸው ሊያዘጋጁት፣ አየሩንም ሊለኩልን ይችላሉ። በሞጆ ያሉ የቆዳ ባለሙያዎች ስለጉድጓድ የሚያውቁትን ለአዳማ ፍሳሽ አንሺዎች፣ የአበባ እርሻ የደኅንነት ኃላፊዎችም ስለመድኃኒት አያያዝ የሚያውቁትን ለእህል ነጋዴዎች የሚያካፍሉበት አንድ የጋራ መድረክ በከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል ቢቋቋም፣ እኔም ያለኝን ይዤ ያለ ክፍያ ለመገኘት ዝግጁ ነኝ።

ወደዚያ ጋራዥ ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከባለቤቱ ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል ተነጋግረን፣ ከኮንቴይነሩ የኋላ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አስቆርጦ፣ ብልጭታ የማይፈጥር መምጠጫ እስኪያገኝ ድረስ ቀለም በተዘጋ በር ላለማስነፋት ተስማምቷል። ለልጁም የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አዲስ አበባ ሄዶ እንደሚገዛለት ነግሮኛል፤ በአዳማ ሱቆች ፈልጎ አላገኘም። ማጣሪያው የት እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያውቁ አንባቢዎች በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቁን፣ አስመጪዎችም ወደ ከተማችን ቢያመጡት ከእሱ ሌላ የሚገዙ ብዙ ጋራዦች እንዳሉ አረጋግጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረተኛ የሥራ ላይ ደኅንነት ሠራተኛ
አዳማ